ካንሰር ፒቱታሪ ዕጢ ሲደርስ

ከሌላ የሰውነት ክፍል የተነሣ ካንሰር ወደ ፒቱታሪ ዕጢ መዛመቱ በሕክምና መዛግብት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈረው በ1857 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሉድቪግ ቤንያሚን የተባለ ሐኪም ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር በመላ ሰውነቱ የተሰራጨበትን ሰው አስከሬን ሲመረምር ካንሰሩን በዚህች ዕጢ ውስጥም አገኘው። በዘመኑ ይህ ግኝት ለሕመምተኛ የሚፈይደው ነገር አልነበረም፤ ዕጢዋ ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ስትጎዳ ምን እንደሚጎድልም የሚያውቅ አልነበረም።

ፒቱታሪ የአተር ፍሬ ታክላለች፤ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከአንጎል በታች፣ የቱርክ ኮርቻ በሚባል የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጣ በቀጭን ግንድ ከአንጎል ጋር ትያያዛለች። በላይዋ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች የሚገናኙበት ስፍራ አለ፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ዓይንን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ያልፋሉ። ከጥንታዊው ሐኪም ከጋሌን ጀምሮ ከአንጎል የሚወርደውን ንፍጥ ወደ አፍንጫ የምታሳልፍ ማጣሪያ ናት ተብሎ ይታመን ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኮንራድ ሽናይደርና ሪቻርድ ሎወር ከአንጎል ወደ አፍንጫ የሚወስድ እንዲህ ያለ መንገድ እንደሌለ አሳዩ። አሮጌው ማብራሪያ ቢፈርስም በምትኩ የቆመ አልነበረምና ጥያቄው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ያለ መልስ ቆየ።

በ1886 ፈረንሳዊው ፒየር ማሪ እጅና እግር፣ መንጋጋና አፍንጫ ከልክ በላይ የሚያድጉበትን በሽታ ገለጸ። በሽታው ከፒቱታሪ እባጭ ጋር እንደሚያያዝ ቀስ በቀስ ሲታወቅ የሐኪሞች ዓይን ወደ ኮርቻው ዞረ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ፔጅት በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን መዛግብት መርምሮ ካንሰር በደም ተጭኖ በደረሰበት ቦታ ሁሉ እንደማይበቅል፣ ዘሩ የሚስማማው አፈር እንደሚያስፈልገው ጻፈ። ጣፊያ ብዙ ደም እያገኘ ካንሰር እምብዛም አይዛመትበትም፤ ጉበትን ግን አዘውትሮ ያጠቃዋል። ፔጅት ስለ ፒቱታሪ ባይከራከርም የእርሱ ጥያቄ ቆይቶ ለዚህች ዕጢም መነሣቱ አልቀረም።

የመጀመሪያው ክሊኒካዊ ፍንጭ የመጣው ከጥይት ነው። በ1912 ጀርመናዊው አልፍሬድ ኤሪክ ፍራንክ ራሱን ለመግደል ጭንቅላቱ ላይ ተኩሶ የተረፈ ሰው ታሪክ አሳተመ። ጥይቱ ኮርቻው አካባቢ ተቀርቅሮ ቀርቶ ነበር፤ ሰውየውም በቀን ብዙ ሊትር እየሸና ያለ ዕረፍት ይጠማ ጀመር። ይህ ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ የሚባለው ሕመም ነው። ከስኳር በሽታ ጋር በስም ቢዛመድም በሽንቱ ውስጥ ስኳር የለም፤ ኩላሊት ውኃን እንዲያስቀር የሚያዝዘው ሆርሞን ነው የጠፋው። በቀጣዩ ዓመት በጀርመን ፎን ዴን ፌልደን፣ በጣሊያን ፋሪኒ ከእንስሳት ፒቱታሪ የኋላ ክፍል የተጨመቀ ፈሳሽ በመርፌ ሰጥተው ሽንቱን ገቱት። በዚያው በ1913 አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ከፒቱታሪ ጉዳት ስለሚመጣ የሽንት ብዛት ሲጽፍ ወደ ዕጢዋ የተዛመተ ካንሰርንም አነሣ። እስከዚያ በአስከሬን ብቻ ይታወቅ የነበረው ነገር በሕያው ሰው ላይ ምልክት አገኘ ማለት ነው።

በ1914 የሐምቡርጉ ፓቶሎጂስት ሞሪስ ሲሞንድስ ሌላውን ግማሽ ጨመረ። ከወሊድ በኋላ በከባድ ኢንፌክሽን ታማ፣ ለዓመታት እየደከመች ሄዳ በመጨረሻ ራሷን ስታ የሞተች ሴት ፒቱታሪ የፊት ክፍሉ ሟሽሾ አገኘው። የፊተኛው ክፍል ሲጠፋ ሰው ቀስ በቀስ እንደሚጠወልግ፣ የኋለኛው ሲጠፋ በውኃ ጥም እንደሚንገላታ ታወቀ። ፈውሱ ግን ገና ሩቅ ነበር። የኋላው ክፍል ፈሳሽ ቢገኝም የፊተኛውን ጉድለት የሚተካ መድኃኒት አልነበረም።

ቀዶ ጥገናው ከሆርሞኑ ቀደመ። ሄርማን ሽሎፈር በ1907 በኢንስብሩክ በአፍንጫ በኩል ገብቶ የፒቱታሪ እባጭ አወጣ፤ ኦስካር ሂርሽ በቪየና መንገዱን አቀለለው። ኩሺንግ ከ1910 እስከ 1925 በላይኛው ከንፈር ሥር እየገባ 231 የፒቱታሪ እባጮችን ሲያወጣ ከሕመምተኞቹ የሞቱበት 5.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፔኒሲሊን ባልነበረበት ዘመን ይህ አስደናቂ ነው። ሆኖም ኩሺንግ ራሱ ቆይቶ ይህን መንገድ ትቶ የራስ ቅልን ወደ መክፈት ዞረ፤ አብዛኛው ዓለምም ተከተለው። የአፍንጫውን መንገድ ከመረሳት ያዳኑት ጥቂቶች ናቸው፤ የኤድንብራው ኖርማን ዶት ከኩሺንግ ተማረ፣ የፓሪሱ ዤራር ጊዮ ከዶት፣ የሞንትሪያሉ ዡል አርዲ ከጊዮ።

በዚህ መሐል ካንሰሩ ለምን የኋላውን ክፍል እንደሚመርጥ የሚያስረዳ ነገር ተገኘ። በ1930 ፖፓና ፊልዲንግ በዕጢዋ ግንድ ላይ የሚያልፉ ልዩ የደም ሥሮችን ገለጹ፤ ደሙ ወደ ላይ እንደሚሄድ አስበው ነበር። ዊስሎኪና ኪንግ በ1936 አቅጣጫው ወደ ታች፣ ከአንጎል ወደ ዕጢዋ የፊት ክፍል መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ የፊተኛው ክፍል ደሙን በአብዛኛው የሚያገኘው በላይ ባሉ ቀጫጭን ሥሮች ካለፈ በኋላ ነው። የኋለኛው ግን የራሱ ደም ወሳጅ ቧንቧ በቀጥታ ይደርሰዋል። በደም የሚጓዝ የካንሰር ሕዋስ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ወደ ፊት የሚሻገረውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ተነሥቶ ነው። ሽንትና ጥማት ከሁሉ ቀድመው የሚታዩበት ምክንያት ከዚህ የደም ሥር አሠራር የመጣ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ምዕራፍ በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ እጅግ እንግዳውና ምናልባትም ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረው ነው። ሐኪሞች ካንሰር ያረፈባትን ፒቱታሪ ከማከም ይልቅ ጤነኛ የመሰለችውን ፒቱታሪ ካንሰርን ለማከም ሲሉ ማውጣት ጀመሩ። ሐሳቡ ሥሩ ስኮትላንድ ነው። ጆርጅ ቢትሰን በ1896 የተዛመተ የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች የእንቁላል ማፍሪያ ሲያወጣ በአንዳንዶቹ እባጩ መሟሸሹን ጽፎ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ሃጊንስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ወደ ማውጣት ተሻገረ። እነዚህን ሁሉ የምታዝዘው ፒቱታሪ ከሆነች ለምን ከምንጩ አይደርቅም የሚል ጥያቄ ተከተለ።

ጥያቄውን በተግባር ለመሞከር ፒቱታሪ ስትወጣ የሚጠፋውን የአድሬናል ሆርሞን፣ ኮርቲሶልን፣ የሚተካ መድኃኒት ያስፈልግ ነበር። በመስከረም 1948 ፊሊፕ ሄንች በሜዮ ክሊኒክ ለአንዲት የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ኮርቲሶን ሰጠ፤ በ1950 እርሱ፣ ኤድዋርድ ኬንዳልና ታዴዎሽ ራይክሽታይን የኖቤል ሽልማት አገኙ። ኬንዳል በ1914 የታይሮይድን ሆርሞን ለይቶ ያወጣውም ሰው ነው፤ ፒቱታሪ ለሌለው ሰው በሕይወት ለመቆየት ግድ የሆኑት ሁለት ሆርሞኖች በአንድ ኬሚስት እጅ ማለፋቸው በታሪክ ብዙ ጊዜ የማይገጥም ነገር ነው።

በስቶክሆልም ሆርሞን ሐኪሙ ሮልፍ ሉፍትና ቀዶ ሐኪሙ ሄርበርት ኦሊቬክሮና ከ1951 ጀምሮ የተዛመተ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ፒቱታሪ ማውጣት ጀመሩ። በኒው ዮርክ ብሮንሰን ሬይና ኦሎፍ ፒርሰን ተከተሉ። በግላስጎው ጨረር የሚያፈልቅ ኢትሪየም በዕጢዋ ውስጥ ይቀበር ነበር። በበርክሊ ጆን ሎውረንስ በ1954 የፕሮቶን ጨረር በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያውል ያነጣጠረው በጡት ካንሰር ሕመምተኞች ፒቱታሪ ላይ ነበር። ከሦስቱ ወደ አንዷ በሚጠጉ ሴቶች ካንሰሩ ለጊዜው አፈገፈገ፤ የአጥንት ሕመማቸው በፍጥነት የቀለለላቸውም ነበሩ። የተቀሩት ሴቶች ያን ሁሉ ከባድ ቀዶ ጥገና ያለ ትርፍ ተሸክመውታል።

ከዚያ ዘመን ሁለት ነገሮች ተገኙ፤ ሁለቱም አልታቀዱም ነበር። አንደኛው በማይክሮስኮፕ ሥር ታየ። የወጡት ፒቱታሪዎች ሲቆራረጡ በብዙዎቹ ውስጥ ምንም ምልክት ያልሰጠ የጡት ካንሰር ተገኘ። ዝምታው ካንሰሩ አለመኖሩን እንደማያሳይ ያኔ ግልጽ ሆነ።

ሁለተኛው ይበልጥ ጠቃሚ ነው። ያለ ፒቱታሪ መኖር ተቻለ። ኮርቲሶን፣ የታይሮይድ ሆርሞንና የሽንቱን መድኃኒት የሚያገኝ ሰው ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ዛሬ ፒቱታሪው በካንሰር የተበላበትን ሰው የሚያክም ሐኪም የሚከተላቸው ሕጎች በአብዛኛው የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው። ዋናው ሕግ ቅደም ተከተል ነው፤ ኮርቲሶል ይቀድማል፣ ታይሮይድ ይከተላል። የታይሮይድ ሆርሞን ቀድሞ ከተሰጠ ሰውነት ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ቶሎ ይጨርስና ደም ግፊቱ ወድቆ ሕመምተኛው ሊሞት ይችላል። ሌላው ሕግ በመጀመሪያ እይታ እንቆቅልሽ ይመስላል። ኮርቲሶል ያነሰው ሰው ኩላሊቱ ውኃን እንደ ልብ ማስወጣት ስለማይችል የሽንቱ ሆርሞን ቢጠፋም ሽንቱ ላይበዛ ይችላል፤ ኮርቲሶን በተሰጠው ማግስት ግን ጎርፉ ይለቀቃል። ይህን የማያውቅ ሐኪም መድኃኒቱ በሽታ አመጣ ብሎ ያስባል። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ሽንት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዝቶ፣ ቀጥሎ የምትሞተው ዕጢ ያከማቸችውን ሆርሞን ስትለቅ ቀንሶ፣ ከዚያ እንደገና ሊበዛ ይችላል። በመሐሉ ቀን ያለ ጥንቃቄ ውኃ ከተሰጠ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም አደገኛ እስኪሆን ይወርዳል።

የሽንቱ መድኃኒት ራሱ ረጅም መንገድ መጥቷል። መጀመሪያ ከእንስሳት ዕጢ ደርቆ የተፈጨ ዱቄት እንደ ሱረት በአፍንጫ ይሳብ ነበር፤ ወይም በዘይት የተበጠበጠ ፈሳሽ በጡንቻ ይወጋ ነበር። የዘይቱ ጠርሙስ ሳይሞቅና ሳይናጥ ከተሰጠ መድኃኒቱ ታች ቀርቶ ዘይቱ ብቻ ይወጋል። ቪንሰንት ዱ ቪኞ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሽንቱን ሆርሞን፣ ቫሶፕሬሲንን፣ በ1954 በላቦራቶሪ ሠርቶ በቀጣዩ ዓመት የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ። በ1967 የፕራግ ኬሚስቶች ከሞለኪውሉ ጥቂት ቀይረው ዴስሞፕሬሲንን አወጡ። ደም ግፊት ሳይጨምር ለብዙ ሰዓት የሚሠራ መድኃኒት ነው። በአፍንጫ ጠብታ፣ ቆይቶም በእንክብል የሚሰጠው ይህ መድኃኒት ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት ሲነሣ ያደር የነበረውን ሰው አስተኛው።

የፒቱታሪ ማውጣት ዘመን ያበቃው በእንክብል ነው። እንክብሉ ታሞክሲፌን ይባላል፤ የመጀመሪያ የሕክምና ውጤቱ በ1971 ከማንቸስተር ወጣ፤ በ1977 በአሜሪካ ለተዛመተ የጡት ካንሰር ተፈቀደ። በቀን የሚዋጥ ክኒን ተመሳሳይ ሥራ ከሠራ የራስ ቅል የሚያስከፍት ሰው አይኖርም።

ቀዶ ጥገናው ሲቀር ጥናቱ ወደ አስከሬን ክፍል ተመለሰ። ካልማን ኮቫች በ1973፣ ቲርስና ሲልቨርማን በ1975 መዛግብታቸውን አሳተሙ፤ የኋለኞቹ 88 ሰዎችን መርምረው ጥቂቶቹ ብቻ በሕይወት ሳሉ ከዕጢዋ የመጣ ምልክት እንደነበራቸው አገኙ። በ1981 ማክስ፣ ዴክና ሮተንበርግ በኒው ዮርክ በካንሰር የሞቱ 500 ሰዎችን ተመልክተው በ3.6 በመቶው ፒቱታሪ ውስጥ ካንሰር አገኙ። የእነርሱ ጥናት ዋጋው ግን በንጽጽሩ ነው፤ ምልክት ከሚያሳዩ የተዛመተ ካንሰር ሕመምተኞች 70 በመቶው ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ ነበራቸው፤ ከፒቱታሪ ከራሱ ከሚነሣ ተራ እባጭ ሕመምተኞች ግን 1 በመቶው ብቻ። ካንሰር ያለበት ሰው ሽንቱና ጥማቱ ድንገት ከበዛ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ምን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ በቂ መልስ አለው። ከካንሰሮቹ ሁሉ የጡትና የሳንባ በአንድ ላይ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይይዛሉ፤ ኩላሊት፣ ፕሮስቴት፣ ታይሮይድ፣ አንጀትና ሜላኖማ ከኋላ ይመጣሉ። አንዳንዴ ከፒቱታሪ የሚመጣው ምልክት የካንሰሩ ሁሉ የመጀመሪያ ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል።

ዕጢዋን በሕያው ሰው ላይ ማየት የተቻለው በምስል ነው። ጥቅምት 1 ቀን 1971 በለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያው የሲቲ ስካን ምስል ተነሣ። የ1980ዎቹ ኤምአርአይ ደግሞ ዕጢዋን ከነግንዷ አሳየ። በጤነኛ ሰው የዕጢዋ የኋላ ክፍል በምስሉ ላይ ደመቅ ብሎ ይታያል፤ የሽንቱ ሆርሞን ሲጠፋ ያ ድምቀት ይጠፋል። ግንዱ ከወፈረ፣ እባጩ ኮርቻውን ሞልቶ መሐሉ ጠበብ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ፣ በሳምንታት ውስጥ ካደገ የተዛመተ ካንሰር ይጠረጠራል። ተራው የፒቱታሪ እባጭ አዝጋሚ ነው። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮችም ቶሎ የሚሽመደመዱት በካንሰሩ ነው። ቢሆንም ምስል ብቻውን አይፈርድም፤ በሳንባ ነቀርሳ ወይም ሳርኮይዶሲስ በሚባል የብግነት በሽታ የተነፋ ዕጢም ይህን ሊመስል ይችላል። ሌላ ቦታ የታወቀ ካንሰር ከሌለ ናሙና መውሰድ ግድ ነው።

ናሙናውም ሆነ እባጩን መቀነሱ በአፍንጫ በኩል ተመልሷል። ዡል አርዲ በ1960ዎቹ የቀዶ ጥገና ማይክሮስኮፕን ወደ ኮርቻው አስገባ፤ በ1990ዎቹ በፒትስበርግ ጆና ካራው በኤንዶስኮፕ፣ ማለትም በቀጭን መመልከቻ ቱቦ፣ መሥራትን አስፋፉ። ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ካንሰር እንደ ተራው እባጭ ለስላሳ አይደለም፤ ጠንካራ ነው፣ በጣም ይደማል፣ በዙሪያው ካለው አጥንትና ነርቭ ጋር ይጣበቃል። ሙሉ በሙሉ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። በ1998 ሞሪታ፣ ማየርና ሎውስ 36 ሕመምተኞችን ሲገመግሙ ያዩት ከዚያ በፊት የነበረውን ጥርጣሬ አጸና፤ የሕይወት ርዝመትን የሚወስነው ኮርቻው ውስጥ የተሠራው ሥራ ሳይሆን ካንሰሩ በተቀረው ሰውነት የሚሄድበት መንገድ ነው። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው የሚመረጠው ዓይን ሲጨልም፣ ራስ ምታት ሲበረታ ወይም ምንነቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ዕይታ በጊዜ ከተደረሰበት ይመለሳል፤ ይህ ብቻውን ለቀዶ ጥገናው በቂ ምክንያት ነው። ነርቮቹ ለረጅም ጊዜ ከተጨፈለቁ ግን የጠፋው ብርሃን አይመለስም።

ከቢላው ጎን ጨረር ቆሟል። የስቶክሆልሙ ላርስ ሌክሴል በ1951 ጨረርን ከብዙ አቅጣጫ በአንዲት ነጥብ ላይ የማከማቸትን ሐሳብ አቀረበ፤ ይህን የሚሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ፣ ጋማ ናይፍ፣ በ1968 ሥራ ላይ ሲውል 179 የኮባልት ምንጮች ነበሩት። ፒቱታሪ ላይ ችግሩ ጎረቤቷ ነው። የዓይን ነርቮች በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በላይ እንዳይደርሳቸው ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲጠነቀቁ ኖረዋል። እባጩ ከነርቮቹ ጥቂት ሚሊሜትር ከራቀ በአንድ ቀን ጨረር ይመታል፤ ከተጠጋ ግን መጠኑ ለብዙ ቀናት ይከፋፈላል።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሚዛኑ ወደ መድኃኒት አጋደለ። በ1998 ትራስቱዙማብ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ተፈቀደ። በ2004 በአንዳንድ የሳንባ ካንሰሮች ውስጥ ኢጂኤፍአር የሚባለው ጂን መለወጡ ተደረሰበት፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ለውጥ የሚያጠቁ ክኒኖች መጡ። አንጎልን ከደም የሚጋርደው አጥር በፒቱታሪ የኋላ ክፍል ላይ ስለሌለ ወደ አንጎል የማይገቡ መድኃኒቶች እንኳ እዚህ ሊደርሱ ይችላሉ። ለመድኃኒት የሚሸነፍ ካንሰር ያለበት ሰው ዛሬ ያለ ቢላ፣ አንዳንዴም ያለ ጨረር እባጩ ሲሟሽሽ ያያል።

አዲሱ መድኃኒት አዲስ ወጥመድም ይዞ መጥቷል። በ2011 ለሜላኖማ የተፈቀደው ኢፒሊሙማብ የሰውነትን መከላከያ በካንሰር ላይ ሲያነሣሣ ከአሥር ሰዎች ወደ አንዱ በሚጠጉት ላይ መከላከያው ፒቱታሪን ራሷን ያጠቃል። ዕጢዋ ትነፋለች፣ ራስ ያምማል፣ ድካም ይወርዳል፤ ምስሉም የተዛመተ ካንሰር ይመስላል። እዚህ ላይ የ1981ዱ ጥናት ትምህርት እንደገና ያገለግላል። የመድኃኒቱ ብግነት በዋናነት የፊተኛውን ክፍል ስለሚመታ ሽንት የሚያበዛው ከስንት አንዴ ነው። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ይጎድላል፤ ካንሰሩ ግን ያድጋል። ሆኖም ሁለቱም ኮርቲሶል ያሳጣሉ፤ የምርመራው ክርክር እስኪያልቅ ኮርቲሶልን የሚተካው ሃይድሮኮርቲሶን አይዘገይም።

ዛሬ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ደም መለካት ነው፤ የማለዳ ኮርቲሶል፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ሶዲየም። ኮርቲሶሉ ከወረደ ወይም ሕመምተኛው ከተዝለፈለፈ ውጤት ሳይጠበቅ ሃይድሮኮርቲሶን ይሰጣል። ከዚያ የዕይታ ወሰን ይለካል፤ የካንሰር ሐኪሙ፣ የሆርሞን ሐኪሙ፣ የቀዶ ሐኪሙና የጨረር ሐኪሙ በአንድ ላይ ይመክራሉ። እባጩ ቢጠፋም የሞተው የዕጢዋ ክፍል ብዙ ጊዜ ስለማይመለስ ሆርሞኑ በአብዛኛው የዕድሜ ልክ ነው። ትኩሳት በመጣ ቀን የሃይድሮኮርቲሶኑ መጠን እጥፍ ይሆናል፤ ማስመለስ ከጀመረ በመርፌ ይተካል። ዴስሞፕሬሲን የሚወስድ ሰው ከጥማቱ በላይ ከጠጣ ሶዲየሙ ይወርድበታል። ካንሰሩ ከዕጢዋ በላይ ያለውን የጥማት ማዕከል የነካበት ሰው ደግሞ ውኃ እያነሰው ጥማት አይሰማውም፤ ለእርሱ የሚጠጣው ውኃ በመጠንና በሰዓት ይወሰናል፣ በየማለዳው ይመዘናል፣ ሶዲየሙም በየጊዜው ይለካል።